ስም የጠፋበት አውጫጭኝ

ምድጃ ማጥፋቴን ለማረጋገጥ ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ጎባ ሳለን ወንድሞቼ በዚህ ጠባዬ ይስቁብኝ ነበር፤ አድጌ ግን እንጀራ ሆነኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ይኸው ጥንቃቄዬ ምንም ሳይፈይድልኝ ከአንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ተዘግቼ ስላደርኩበት ጊዜ ነው።

ያኔ የምሠራው በጋይንትና በስማዳ መካከል ካሉት ትናንሽ ከተሞች በአንዷ፣ በአንድ የገበሬዎች ዩኒየን ቅርንጫፍ ነበር። የከተማዋንም የዩኒየኑንም ስም አልጠራም፤ ሰዎቹ እዚያው አሉና። የአባላቱ ስም፣ የማሳቸው ስፋት፣ ለክረምት የሚደርሳቸው ማዳበሪያ፣ ሁሉም ያለው በአንድ ኮምፒውተር ቋት ውስጥ ነው። እኔ የቋቱ ጠባቂ ነኝ። ዓርብ በመጣ ቁጥር የቋቱን ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ባካፕ የምንለው እሱን ነው። ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ቢሆን ከቅጂው እንመልሰዋለን። ቅጂ ሲወሰድም፣ ከቅጂ ሲመለስም፣ ማን እንዳደረገው፣ ከየትኛው ፋይል፣ ለምን እንደሆነ ለኦዲተር ማሳየት አለብኝ። ይህን ሥራ ማንም አያየውም። የመጋዘን ኃላፊዋ ዘነቡ ብቻ በመስኮት ብቅ እያለች፣ «እታለም፣ ዛሬም የቁልፉን ቁልፍ እየቆለፍሽ ነው?» ትለኝ ነበር።

ዘመድ አልነበረኝም። ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ ሦስተኛውን ይዣለሁ። ሰው ሁሉ ደግ ነበር፤ ሲያመኝ አጥሚት ያመጡልኛል፣ ከቅዳሴ ስወጣ «ምነው ከሳሽ?» ይሉኛል። እኔ ግን ራሴን እንደ እንግዳ ነበር የማየው፤ እነሱም እንደዚያ የሚያዩኝ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ገባ፤ የሐዋርያት ጾም ተያዘ። ጥቂት ቀን ፈቃድ ወስጄ ለጸሎት ጋይንት ወደሚገኘው ቤተ ልሔም ገዳም ሄድኩ። ስመለስ መንገድ ተዘጋ። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ ስልክም የለም። ሳልፈልግ አንድ ዓርብ አለፈኝ። ቅጂ መውሰዱ የእኔ ሥራ ከሆነ ወዲህ ያመለጠኝ የመጀመሪያው ዓርብ እሱ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ማታ ከተማ ገባሁ፤ ደክሞኝ ስለነበር ቢሮ ሳልደርስ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ስገባ ግቢው በሰው ሞልቷል። ማዳበሪያው ከንፋስ መውጫ ከተማ ተጭኖ ደርሶ መጋዘን ገብቷል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ምናሉ ማዳበሪያ የሚታደላቸውን ሰዎች ስም አሳትመው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ጋሼ ምናሉ የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ቁመታቸው ረዘም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ሰዉ በወረቀቱ ዙሪያ ተጠጋግቶ ያነባል። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ፤

«እኛ የለንም።»

መምሬ ታደለ ነበሩ። ቄስም ገበሬም ናቸው፤ የታችኛው ቀበሌ ሰዎች ሽማግሌ። ያ ቀበሌ ዩኒየኑን የተቀላቀለው ከዘመን መለወጫ በኋላ ነው። ከላይ እስከ ታች ቢነበብ፣ ተገላብጦ ቢነበብ፣ ከዚያ ቀበሌ አንድ ሰው የለም።

«ስሕተት ይኖራል መምሬ፣ እናየዋለን፤» አሉ ጋሼ ምናሉ።

«መቼ ነው የምታየው? ዝናቡ ወርዷል። መሬቱ ታርሶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ሳምንት ካለፈ ስንዴው ለእኛ ሣር ነው።»

ይህን እየተባባሉ ሰማዩ አጉረመረመ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ፣ መብራትም ሄደ። ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሩን ብነካው ጠፍቷል። ወደ ደጅ ስመለስ የግቢው በር ተዘግቷል። ሁለት ጎልማሶች ጀርባቸውን አስደግፈውት ቆመዋል።

መምሬ ታደለ ደረጃው ላይ ወጡ። «በአባቶቻችን ጊዜ ከብት ሲጠፋ፣ እህል ሲሰረቅ፣ አገሬው በአንድ ሜዳ ይቀመጥ ነበር። አውጫጭኝ ነው። ያጠፋው እስኪወጣ ማንም አይወጣም። እኛ ዛሬ የጠፋብን ከብት አይደለም፤ ስማችን ነው። ሰው በሌሊት ገብቶ ስማችንን ወስዷል። እንቀመጥ።»

«መምሬ፣» አሉ ጋሼ ምናሉ፣ «ያ እኮ ያለፈ ዘመን ነው።»

«ዘመኑ ካለፈ ስማችንን መልስልንና እኛም እንለፍ።»

ሰው ሳቀ፤ ግን በሩ አልተከፈተም።

አውጫጭኝ ሲባል በወሬ እንጂ በዓይን አላየሁም። ሥርዓት አለው። ሁሉም በአንድ አጥር ውስጥ ይቀመጣል። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቀርቦ የሰማውን፣ የጠረጠረውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል፤ ማን እንደተናገረ አይገለጽም። «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ለከብቱ፣ ለሕፃኑ፣ ለስንቁ መውጣት ግድ የሆነበት ደግሞ ዋስ ጠርቶ ይወጣል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጀመረ። አንዱ ዋስ ጠራ፣ ወጣ፣ ተመለሰ። ሌላው ጠራ። የግቢው ዘበኛም ዘመዱን ዋስ ጠርቶ ወጣ። ለዘነቡም ሦስት ሰዎች «እኔ! እኔ!» አሉላትና ወጥታ የሁላችንንም ቆሎ ይዛ ተመለሰች። የጸሎት መጽሐፌን ከቤት ላመጣ ስል በሩ ላይ የቆመው ጎልማሳ ጨዋነት ባለው ድምፅ፣

«ዋስሽ ማነው እመቤቴ?» አለኝ።

ዞር አልኩ። ጋሼ ምናሉን ነበር የፈለግኋቸው። መጋዘኑ ጥግ ጀርባቸውን ሰጥተው ከአንድ ሰው ጋር ያወራሉ። ዘነቡ አፏን ከፈተች፤ ጎልማሳው ግን፣ «የመሥሪያ ቤቱ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ሰው አይሆንም፤» ብሎ አስቆማት። ያን ጊዜ የማላውቃት አንዲት ቀጭን ሴት ከሰው መሐል ተነሣች።

«እኔ እሆናታለሁ። ቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ።»

ይመኙ ትባላለች። ባሏ ሞቶ ሁለት ጥማድ መሬት በእኩል እያሳረሰች ልጆቿን የምታኖር።

ጎልማሳው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመለከተ። አንዱ ሽማግሌ ሳቅ አፍኖ፣ «ይመኙ፣ አንቺ ራስሽ እኮ ዛሬ የለሽም። ስም የሌለው ሰው እንዴት ዋስ ይሆናል?» አለ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። እኔ ግን በሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ። አጥሩ ከሰው ከፍ ያለ አልነበረም። ከአጥሩ ባሻገር የሰይድ ሱቅ ይታያል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ሴቶች ዘንቢል ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ብቻ ነበርኩ ሰው የሌለኝ።

ተራዬ ሲደርስ በመጋዘኑ ጣራ ክፈፍ ሥር መምሬ ታደለ ካሉበት ከሦስቱ ሽማግሌዎች ፊት ቀረብኩ። መስቀል ተሳለምኩ።

«ልጄ፣» አሉ መምሬ ታደለ፣ «የምታውቂውን ተናገሪ።»

«መምሬ፣ የተለጠፈውን ዝርዝር አይቼዋለሁ፤ ስማችሁ አልተሰረዘም። የጠፋው ከዘመን መለወጫ ወዲህ ያለው በሙሉ ነው። አንድ ሰው ቋቱን በአሮጌ ቅጂ መልሶታል። አሮጌው ቅጂ ሲገባ አዲሱን ይሸፍነዋል። ጊዜው ወደ ኋላ ተመልሷል ማለት ነው።»

ተያዩ። መምሬ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ጊዜ ወደ ኋላ መመለሱ በመጽሐፍ አለ። ለሕዝቅያስ ጥላው ዐሥር ደረጃ ተመልሶለታል። ያ ግን በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። ይኼኛው በማን ፈቃድ ነው?»

«እሱን ነው ማየት ያለብኝ። ኮምፒውተሩ ማን እንደመለሰው፣ ከየት እንደመለሰው ራሱ ይይዛል። መብራት ሲመጣ አሳያችኋለሁ።»

«መመለስ የሚችል ማን ነው?»

እዚህ ላይ ነው ወጥመዱ የጠበበው። «የእኔ የምስጢር ቃል ያለው ሰው፤» አልኩ። «እኔ ነኝ። ያው ቃል ደግሞ ተጽፎ ለክፉ ቀን ተብሎ በፖስታ ታሽጎ በጋሼ ምናሉ ካዝና ውስጥ አለ።»

ጋሼ ምናሉ ተጠሩ፤ ፖስታው መጣ። በመክፈቻው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም እንዳለ ነው። መምሬ እያገላበጡ አዩት፤ ለኔም ሰጡኝ። የተከፈተ አይመስልም። ጋሼ ምናሉ አላዩኝም። «እንግዲህ ማኅተሙ እንደምታዩት ነው፤» ብለው ብቻ ሄዱ።

ወደ ማታ ሽማግሌዎቹ ደረጃው ላይ ወጡ። ሰዉ ተጠጋ።

«ወፏ ተናግራለች፤» አሉ መምሬ ታደለ። «የጠራችው አንድ ስም ነው። ጸዳለን።»

ጸዳለ እኔ ነኝ።

የጮኸብኝ ሰው አልነበረም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «የማን ናት ለመሆኑ?» አለ፤ ሌላው፣ «ከባሌ ናት ይላሉ፤» ሲል ሰማሁ። ባሌ የሚለው ቃል በዚያ ግቢ ውስጥ የዓለም ዳርቻ ሆኖ ተሰማኝ። አገሬ ብሆን አባቴ ይነሣ ነበር፣ አጎቴ ይነሣ ነበር፤ ባይነሡ እንኳ «የእነ እገሌ ልጅ ይህን አታደርግም» የሚል አይጠፋም። እዚያ ግን ከፊቴ በቀር የሚያውቁልኝ ነገር አልነበረም።

መምሬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ በክፋት ነው አላልንም። ተሳስተሽም ከሆነ ተናገሪና እንፈታ፤» አሉኝ። ለአፍታ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ «እኔ ነኝ» ለማለት ተመኝቼ ነበር። አንድ ቃል ነው፤ በሩ ይከፈታል። ግን ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ ብል ስማቸው ከየት እንደሚመለስ ማን ይፈልጋል?

«አላደረግሁትም መምሬ።»

«እንግዲያስ እናድራለን።»

አደርን። ሴቶቹ መጋዘን ውስጥ በማዳበሪያው ጆንያ ላይ፣ ወንዶቹ በረንዳው ላይ። ዘነቡ ከጎኔ ተኝታ በሹክሹክታ፣ «ምን አለ ብትሰርቂ እንኳ ወፍራም ነገር ብትሰርቂ፤ ስም ምን ያደርግልሻል?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ ከዚያም አለቀስኩ፤ ጋቢዋን ጣለችብኝ።

ቅዳሜ ነጋ፤ መብራት የለም። ሰዉ ቁጣ ቁጣ ብሎት ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ዘነቡ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ወጥታ የተጣራችው።

«ሰይድ! ሰይድ ወንድሜ!»

ባለሱቁ ሰይድ ሱቁን እየከፈተ ነበር። «ምነው ዘነቡ፣ ገና አልፈቱሽም?»

«ጀነሬተርህን አውሰን።»

«እኔ በዩኒየን ነገር የለሁበትም እህቴ።»

«ሳይዘሩ ከቀሩ ዘንድሮ ስኳርህን ማን ሊገዛህ ነው? ተቀምጠህ ልትልሰው?»

ሰይድ ራሱን እየነቀነቀ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ጀነሬተሩ ከሱቁ በር ላይ መንደቅደቅ ጀመረና የመብራት ገመዱን በቆርቆሮው ላይ አሻግሮ አቀበለን። «ገመዱን ውሰዱ፤ እኔ ግን ወደዚያ እግሬን አላነሣም። ገብቼ ዋስ ልፈልግ እንዴ?» አለ። «ደግሞ ፍጠኑ፤ ነዳጁ የእንባ ጠብታ ያህል ነው።»

ኮምፒውተሩ ተነሣ። እኔ ተቀመጥኩ፤ መምሬ ታደለ በቀኜ፣ ጋሼ ምናሉ ከኋላዬ ቆሙ። መስኮቱ በፊት ተሞልቷል። ቋቱ የተመለሰበትን ታሪክ ከፈትኩ።

አንድ መስመር ነበር። የተመለሰው እኔ ቤተ ልሔም ሳለሁ ነው። ተጠቃሚው፣ የእኔ ስም። የተመለሰበት ፋይል፣ 2023 ተብሎ የሚጀምር። ትእዛዙ የመጣው ደግሞ ከእኔ ኮምፒውተር አይደለም። ከጋሼ ምናሉ ላፕቶፕ ነው።

ወደ ኋላ አልዞርኩም። ትንፋሻቸው ሲቆም ግን ሰማሁ።

መምሬ እንግሊዝኛ አያነቡም። «ምን ይላል?» አሉኝ።

መስመሩን እንዳለ ካነበብኩ ነፃ ነኝ። ግን በመስኮቱ ያሉትን ዓይኖች አየሁ፤ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት የተቀመጡ፣ ዱላ የያዙ፣ የተራቡ ሰዎች። ጋሼ ምናሉ ልጆች አሏቸው፤ የሚስታቸው ዘመዶች በዚያው ሕዝብ ውስጥ ተቀምጠዋል። የሰው ስም በዚያ ሰዓት ከእኔ አፍ ቢወጣ ምን እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ከደጅ ይመኙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣

«እኔ ማን አጠፋው አላልኩም! ስሜ የት አለ ነው ያልኩት!» ስትል ተሰማ።

ልቤ ወደ ሥራዬ ተመለሰ። «ስሞቹ አሉ መምሬ፤» አልኩ። «አዲሶቹ ቅጂዎች አልተነኩም። አሁን መመለስ ይቻላል።»

«እንግዲያስ መልሺዋ!»

መጀመሪያ አሁን ያለውን ቋት፣ አሮጌም ቢሆን፣ ቅጂ ወሰድኩለት። ደንቡ ነው። ሰዉ በመስኮት «ምን ትጠብቃለች!» ይላል። ጀነሬተሩ አንዴ ሳል ሳል አለ። ቀጥሎ ያለውን ግን ብቻዬን ማድረግ አልችልም። ቋት ሲመለስ የሚያዝዘው ኃላፊው ነው፤ ምክንያቱንም የሚናገረው እሱ ነው። እኔ እሱ የነገረኝን እይዛለሁ እንጂ ከራሴ አልፈጥርም።

ወንበሬን አዞርኩ። ጋሼ ምናሉ ላብ በላብ ሆነዋል።

«ጋሼ፣ ለምን እንደምንመልሰው ይንገሩኝ።»

«አንቺ እንደምታውቂው...» አሉ።

«እኔ የማውቀው አይበቃም። እርስዎ ካልነገሩኝ እጄን አላነሣም።»

ሰዎች ይህን በኋላ ጥበብ አድርገው አወሩልኝ። ጥበብ አልነበረም። ያለ ትእዛዝና ያለ ምክንያት የተመለሰ ቋት ነው ሁላችንንም እዚያ የዘጋን፤ እኔ ደግሜ ልሠራው አልቻልኩም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጀነሬተሩ ይንደቀደቃል። መምሬ ታደለ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አዩ። የገባቸው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ጋሼ ምናሉ ከክፍሉ ወጥተው ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ወፏን አታድክሟት፤» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ሰዉ ተነሣ። መምሬ ታደለ ሮጠው ከፊታቸው ቆሙና መስቀሉን ዘርግተው፣ «ማንም እንዳይነቃነቅ! በአውጫጭኝ የተናዘዘ አይነካም!» አሉ።

«ፀሐይዋ ሄዳ ነበር፤» አሉ ጋሼ ምናሉ፣ ራሳቸውን ደፍተው። ፀሐይዋ ያሉት እኔን ነው፤ ጸዳል ብርሃን ነው እያሉ በስሜ እንዲያ ይጫወቱ ነበር። «መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ማዳበሪያው ንፋስ መውጫ ደርሷል ተባለ። ቸኮልኩ። ፖስታውን ከፈትኩና እሷ ስታደርግ እንዳየሁት አደረግሁ። ፋይሎቹ ተደርድረው መጡ። 2016 ይላል፣ 2016 ይላል፣ ከሁሉ በታች 2023 ይላል። ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥር፤ 2016 የስንት ዓመት አሮጌ ነው ብዬ ትልቁን ያዝኩ። ተሳካ አለኝ። ፖስታውን በሌላ ፖስታ ለውጬ አተምኩት። ስማችሁ መጥፋቱን ያወቅሁት ትናንት ከእናንተ ጋር ነው። ከዚያ ወዲያ ፈራሁ።»

ነገሩ ለምታነቡት ግልጽ እንዲሆን ልንገራችሁ። ፕሮግራሙን የተከሉት ሰዎች መጀመሪያ በራሱ ጊዜ ቅጂ እንዲወስድ አድርገውት ነበር፤ ያ በፈረንጅ ቀን ይሰይማል። ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው ክረምት ሥራ አቆመ። ከመስከረም ወዲህ ያሉትን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው፤ ኦዲተሮች በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይሁን ስላሉ 2016 እያልኩ ነው የሰየምኳቸው። የፈረንጁ 2023 ቁጥሩ ገዘፈ እንጂ ከእኛ 2016 በፊት የነበረ ነው። ሁለት ዘመን አቆጣጠር በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ብቻ የሚሳሳተው ስሕተት ነው።

ጋሼ ምናሉ ሲጨርሱ አንድ አዛውንት ከበረንዳው ጥግ፣ «በፈረንጅ ከቆጠርከን ታዲያ ማዳበሪያውን ለፈረንጅ ስጥ!» አሉ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ፤ ሰዉ ሲስቅ ዱላዎቹ ዝቅ ሲሉ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳቅ የወደድኩት ድምፅ የለም።

መልሰነው ጨረስን። ጀነሬተሩ ከመሞቱ በፊት ስሞቹ ታተሙ። መምሬ ታደለ ፈረዱ፤ ወረቀቱ አይለጠፍም፣ ምናሉ ራሱ እያንዳንዱን በአባቱ ስም ይጥራ። ጋሼ ምናሉ ካፊያ እየጣለባቸው ቆመው ጠሩ። እያንዳንዱ ተነሥቶ «አለሁ!» ይላል። አንዳንዱ ሁለቴ ይላል። የግቢው በር ተከፈተ። ዘነቡ የመጋዘኑን ከፈተች።

ወረቀቱ አለቀ። ይመኙ ቆማለች።

«እኔስ?»

ከላይ እስከ ታች አየሁት። «መቼ ነው የተመዘገብሽ?»

«አንቺ የሄድሽ ጊዜ። ጋሼ ምናሉ ናቸው የመዘገቡኝ።»

ያመለጠኝ ዓርብ። መንገድ ተዘግቶብኝ የቀረሁበት። በየትኛውም ቅጂ ውስጥ አልነበረችም። ጋሼ ምናሉ፣ «እውነቷን ነው፣ ኮምፒውተሩ ሊበላሽ ሲል መዝግቤያታለሁ፤» አሉ፤ ግን ቃላቸው ለጊዜው ክብደት እንዳጣ ገብቷቸው ነበር። እኔም ደንብ አለብኝ፤ ማስረጃ የሌለው ስም አላስገባም። በአዲስ ማመልከቻ ብትጀምር ደግሞ ማጽደቂያው ዘር ካለፈ በኋላ ነው የሚደርስ። ይህን ስነግራት አንገቷን ነቀነቀች። «ይሁን፤» አለች። «እግዜር ያውቃል።»

ሰዉ ጆንያውን ተሸክሞ ለመሄድ ተነሥቶ ነበር። ተራው ደርሶ ስሙ የተጠራ፣ እጁ የሞላ። አንድ ሰው ሸክሙን መሬት ላይ አኖረ። ቀጥሎ ሌላው። ትናንት በሩ ላይ ቆሞ «ዋስሽ ማነው» ያለኝ ጎልማሳ ሄደና በሩን ዘጋው። ከውስጥ።

«አልተፈታንም፤» አለ። «አንድ ሰው ይቀረናል።»

ማንም አልወጣም። ዝናቡ በረታ፤ ማዳበሪያው እንዳይርስ ነጠላና ጋቢ አለበሱት፣ ራሳቸው ረጠቡ። መምሬ ታደለ፣ «ልጄ፣ ማስረጃ ካልሽ እኛ አለን። ማሳዋን የምናውቅ፣ ወሰኗን የምናውቅ፣ የተመዘገበች ዕለት አብረናት የመጣን፤» አሉ። አንድ በአንድ እየመጡ ፊቴ ቆመው መሰከሩ። ከሰይድ ሌላ ነዳጅ ለመንን። አስገባኋት። ጋሼ ምናሉ አዘዙ፤ ምክንያቱንም ነገሩኝ፤ እንዳሉት ያዝኩት።

«ይመኙ!» ብለው ጠሯት።

«አለሁ፤» አለች፤ ቀስ ብላ። በሩ ተከፈተ።

እኔ ወዲያው አልወጣሁም። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ እንኳ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። መምሬ ታደለ ከበሩ ተመልሰው መጥተው፣ «ወፍም ትሳሳታለች ልጄ፤ ፍቺን፤» አሉኝ፤ መስቀሉን ተሳለምኩ። ይቅር ብያለሁ። ግን እስከ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ግቢ በር ሲዘጋ ከሰማሁ ዞር ብዬ መውጫውን እፈልጋለሁ። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ስልክ ሲከፈት «ጾሙ እንዴት ነው?» ብላኝ «ደህና ነው» ብያታለሁ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ቅጂ የሚይዘው እስከ ተወሰደበት ቀን ድረስ ያለውን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ በሰው ላይ ነው የሚኖረው። እኔ ዕድሜዬን ነገር እንዳይጠፋ ስቆልፍ ኖሬ፣ ሲጠፋ ማን ቆሞ እንደሚቀር አስቤ አላውቅም ነበር። እነዚያን ሰዎች ዓርብ ማታ እኔን አሳልፈው ሲሰጡኝ አየሁ፤ ቅዳሜ ለአንዲት መበለት ዝናብ ሲደበድባቸው አየሁ። ያው ሰዎች ናቸው። አንዱን ብቻ ይዤ ልሄድ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ያኔ ነው እንግድነቴን የተውኩት። ሰውን ከነሁለቱ ፊቱ ካወቅኸው ወዲያ እንግዳ ነኝ ማለት አይቻልም።

በበጋው ኦዲተሮች መጡ። አንዱ፣ ወጣትና ጠንቃቃ ሰው፣ የተመለሰውን ቋት ከቅጂዎቹ ጋር ሲያመሳክር ቆይቶ ጣቱን አንድ ስም ላይ አሳረፈ።

«ይህች ሴት ከየትኛው ቅጂ ነው የተመለሰችው?»

«ከየትኛውም።»

«ታዲያ ከየት መጣች?»

ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ብዙ አሰበ፤ ከዚያ «ማስረጃው በደንቡ መሠረት በቂ አይደለም» ብሎ እንደ ጉድለት በኦዲት ግኝትነት አሰፈረብን። ሥራው ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ያ ግኝት እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በየዓመቱ ይጠይቁኛል፣ በየዓመቱ ያንኑ እመልሳለሁ። ይመኙም በየዓመቱ ትዘራለች።